መርከቦቹ እስኪወጡ

አክስትየዋ የሚሉት እንዲህ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። የታጠበው ልብስ ከቤቱ መሐል፣ ጣሪያ በሌለው ክፍት ቦታ ላይ ተሰጥቶ ነበር። እሳቸው ከፊት ክፍል ሆነው የወንድማቸውን ልጅ ቴክ ሱንን ተጣሩ፤ እሱ ከልብሱ አጠገብ፣ ከእንጨት መከለያው ጀርባ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተጥዶ ነበር። «ቴክ ሱን፣ ዝናብ መጣ፣ ልብሱን አስገባ!» አሉ። መልስ የለም። ደግመው ጮኹ። «ትንሽ ይቆዩ ቱዋኮ፣ መርከቦቹ ይውጡ!» አላቸው። ምን ያድርጉ፤ ዱላቸውን ይዘው ራሳቸው ተነሱ። እርጥቡ የሸክላ ወለል ላይ እግራቸው ከዳቸውና በግራ እጃቸው ላይ ወደቁ።

ቴክ ሱን የሚለው ደግሞ እንዲህ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የአክስቱ የደም ግፊት ክኒን ሊያልቅ ስለነበር ወደ ፋርማሲ ወጣ አለ። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘውና የሱቆቹ በረንዳ ሥር ተጠለለ። ሲመለስ አክስቱን ወለሉ ላይ አገኛቸው። አምቡላንስ ጠራ። ስለ መርከብ የሚያውቀው ነገር የለም።

ከሁለቱ እውነቱ የአክስትየዋ ነበር። ይህን ከእሳቸው ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የዋሸው ነው። መዋሸቱ ደግሞ ታስቦበት የመጣ ነገር አልነበረም። ባለፈው ዓመት የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ተመስጦ የሾርባ ድስት ምድጃ ላይ ረስቶ የማድ ቤቱ መጋረጃ በተቃጠለ ጊዜ፣ ታላቅ እህቱ ፖ ኢም፣ አክስታቸው ነቅተው ሳለ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳይቀመጥ ቃል አስገብታው ነበር። ረቡዕ ዕለት አምቡላንሱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ በዝናብ ርሶ፣ ደውሎ መውደቃቸውን ሲነግራት የመጀመሪያው ጥያቄዋ «የት ነበርክ?» የሚል ነበር። ምላሱ ከእሱ ቀድሞ «ፋርማሲ» አለ። አንዲት ቃል ነበረች። ከዚያ በኋላ በረንዳው ተጨመረ፣ ዝናቡ ተጨመረ፣ ክኒኑ ተጨመረ፤ ቅዳሜ ጠዋት ፖ ኢም ከኳላ ላምፑር መኪናዋን እየነዳች እስክትደርስ ድረስ ታሪኩ እግር አውጥቶ በራሱ ይራመድ ነበር።

ፖ ኢም ብርቱካን፣ አዲስ የማይንሸራተት ጫማ፣ አንድ ትልቅ ፌስታልም ይዛ ገባች። የአባታቸው ታላቅ እህት ናቸውና ሁለቱም ቱዋኮ ይሏቸዋል። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደጓቸውም እሳቸው ናቸው፤ እዚሁ ጠባብና ረጅም የኪምበርሊ ጎዳና ቤት ውስጥ፣ የሰው ልብስ እየሰፉ። ቱዋኮ ጀሶ የታሰረ እጃቸውን እንደ ጨቅላ ደረታቸው ላይ አቅፈው የቀርከሃ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፌስታሉን አዩት።

«ይኼ ለማን ነው?»

«ዳይፐር ነው ቱዋኮ። ድንገት ቢያስፈልግ ብዬ።»

«መንገዱ ሩቅ ነው። ድንገት የሚያስፈልግሽ አንቺ ነሽ።»

ፖ ኢም ሳቀች፤ ቴክ ሱንም ሳቀ። ፖ ኢም ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ባሏ ብዙ አይናገርም። ባልተለመደ ሰዓት ስልክ በጮኸ ቁጥር ክፉ ወሬ እንደሚመስላት ለወንድሟ ብዙ ጊዜ ነግራዋለች። ክፉ ሴት አይደለችም። የዛሬውን ቀጠሮ የማስታወስ ችሎታቸውን ከምትመረምር ሐኪም ጋር የያዘችው፣ ከከተማው ዳር ያለውን የአረጋውያን መኖሪያም በስልክ አነጋግራ ክፍል ያስያዘችው ከፍርሃት ነው። «ረቡዕ አንተ አልነበርክም፤ እሺ፣ ያጋጥማል» ብላው ነበር ሐሙስ ዕለት። «እኔን ያስደነገጠኝ መውደቃቸው አይደለም። የሚሉት ነገር ነው። እቤት ነበር ይላሉ። መርከብ ይላሉ። ቴክ ሱን፣ አእምሯቸው እየሄደብን ነው።» እሱም ስልኩን ይዞ ግድግዳውን አየ።

ቴክ ሱን የሚጫወተው ጨዋታ ልጆች እየጮሁ የሚጫወቱት ዓይነት አይደለም። ፍንዳታ የለውም፤ ሙዚቃውም ገና ከመጀመሩ ያልቃል። ያለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካርታ ነው፤ ከህንድ እስከ ፓስፊክ የተዘረጋ፣ እንደ ማር እንጀራ በስድስት ማዕዘን የተከፋፈለ ካርታ፣ በላዩም በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ምልክቶች። አንዱ ምልክት ሻለቃ ጦር ነው፣ አንዱ መርከብ፣ አንዱ የነዳጅ ማከማቻ፤ እያንዳንዱም አዛዥ፣ ስንቅ፣ ጥይትና ድካም አለው። መመሪያው ከስልክ ማውጫ ይወፍራል። ዋጋው ሦስት መቶ ሰላሳ የማሌዥያ ሪንጊት ነው፤ ሠሪዎቹ በገና ሰሞን ካልሆነ አምስት ሳንቲም አይቀንሱም። ገዢዎቹም ይህን ያውቁታል፤ ዓመቱን ሙሉ እርስ በርስ «ዘንድሮስ አንድም አልገዛም» ሲባባሉ ይቆዩና ገና ሲደርስ ሦስት ሦስቱን ይሸምታሉ። ቴክ ሱን እስካሁን አሥራ አራት ገዝቷል፤ የተጫወተው ሁለቱን ነው። የቀሩትን አልጋው ላይ ተጋድሞ መመሪያቸውን ያነባል፤ ለእሱ ያም መጫወት ነው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሦስት ሱቆችን ሒሳብ እቤት ሆኖ ይሠራል፤ ሚስት የለውም። ተጋጣሚው ሌስ የሚባል፣ ሜልበርን የሚኖር ጡረታ የወጣ የትራም ሾፌር ነው። ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። አንዱ የጦርነቱን አንድ ቀን ተጫውቶ በኢሜይል ይልካል፣ ሌላው የራሱን ተራ ጨምሮ ይመልሳል፤ እንዲህ ሆኖ አንድ ጦርነት ከእውነተኛው ጦርነት ይበልጥ ይረዝማል። ሌስ ጃፓንን ይዟል፣ ቴክ ሱን እንግሊዝንና ጓዶቿን። ጨዋታው ገና በፈረንጆቹ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ መቶ አርባ አንድ ላይ ነበርና የሌስ መልእክት በየቀኑ ያው ነበር፦ «ደሴትህን መቼ ነው የምትለቅልኝ? ሻንጣዬን ጠቅልዬ ቆሜያለሁ።»

ደሴቲቱ ፔናንግ ናት፤ ቴክ ሱን ተወልዶ ያደገባት፣ አሁንም ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሚቀመጥባት። በእነዚህ ተጫዋቾች ዘንድ ፔናንግን ልከላከል የሚል ሰው ጀማሪ ይባላል። ማንም የበሰለ ተጫዋች በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ያሉትን ጥቂት ወታደሮች በመርከብ ጭኖ ወደ ሲንጋፖር ያወጣል፤ ይህ ክርክር የለበትም፤ ቴክ ሱንም እንዲሁ አደረገ። ወድቀው እጃቸው ከመሰበሩ ከጥቂት ቀናት በፊት ቱዋኮ በዱላቸው እየተመረኮዙ በኋላው ሲያልፉ ካርታው ላይ ዓይናቸው አረፈ።

«ይቺ የኛ ደሴት አይደለችም?»

ደስ አለው። ስለዚህ ጨዋታ የጠየቀው ሰው በሕይወቱ አልነበረም። ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና የጦሩን ብዛት፣ የአውሮፕላኑን እጥረት፣ መርከቦቹ ለምን ፈጥነው መውጣት እንዳለባቸው አስረዳቸው። እሳቸውም ልብስ ሲለኩ ያደርጉት እንደነበረው ዓይናቸውን አጥብበው አዳመጡ።

«ወታደሮቹ ይወጣሉ። እሺ። ሰዎቹስ?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«እኛ ነና።»

«ጨዋታው ላይ ሰው የለም ቱዋኮ። ጦርና ነዳጅ ብቻ ነው።»

«ተገላግለዋል» አሉና ዱላቸውን አንስተው ወደ ማድ ቤት ሄዱ። በዚያ ታኅሣሥ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ከተማው ሲደበደብ፣ ነጮቹ በሌሊት ተጭነው ሲሄዱ፣ አባታቸው ጠዋት ወደብ ወርደው ባዶ ውሃ አይተው ሲመለሱ እዚሁ ነበሩ። ይህን ለቴክ ሱን አንዴ ብቻ ነግረውታል፤ ያኔም የሸሚዝ ቁልፍ እየተከሉ፣ ቀና ሳይሉ ነው።

ሐኪሟ ዶክተር ሬቫቲ ድምጿ የለሰለሰ፣ ስትጠይቅ የማትቸኩል ሴት ናት። ክፍሏ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቱዋኮ ሹራባቸውን አንድ ትከሻቸው ላይ ብቻ ጥለው ተቀመጡ፤ ጀሶው አላስገባ ብሏቸው። ሦስት ቃላት ነገረቻቸው፤ ዣንጥላ፣ ሎሚ፣ መጥረጊያ፤ ኋላ እጠይቅዎታለሁ አለች። ቀኑን ጠየቀቻቸው፣ መለሱ። የሰዓት ሥዕል ይሣሉ አለቻቸው።

«ትክክለኛውን ሰዓት ነው ወይስ ግድግዳሽ ላይ ያለውን?»

ዶክተሯ ዞር ብላ አየች። ቆሟል። ሳቀች። «ጠቅላይ ሚኒስትራችን ማን ነው?»

«የዛሬውን ነው የትናንቱን?»

አሁን ፖ ኢምም ሳቀች፤ ቴክ ሱን ልቡ ትንሽ ቀለል አለው። ያልፋሉ፤ ይቺን ፈተና ቱዋኮ ያልፋሉ፤ እሱም ምንም ሳይናገር ነገሩ በራሱ ይስተካከላል። ከሦስቱ ቃላት ሁለቱን አስታወሱ፤ ሎሚው ጠፋቸው። ዶክተሯ ምንም አይደል አለችና እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጎንበስ አለች።

«እሺ እማማ፣ እንዴት እንደወደቁ ይንገሩኝ።»

«ይኼ ልጅ ወታደሮቹን ከደሴቱ እያስወጣ ነበር። ጠራሁት። መርከቦቹ ይውጡ፣ ይቆዩ አለኝ። ዝናቡ ግን አይቆይም። ተነሳሁ፣ ወደቅሁ።»

«የምን ወታደሮች?»

«እንግሊዞቹ ናቸዋ።»

«ይህ መቼ ነው?»

«ረቡዕ ነው አላልኩሽም?»

ፖ ኢም ቀስ ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ቴክ ሱን አየ። ቱዋኮ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ተመለከቱ። ምን እንዳጠፉ አልገባቸውም። «የእሱ ጦርነት ነው፣ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ እሱን ጠይቂው» አሉ።

ዶክተሯም ወደ እሱ ዞረች። «በጦርነቱ ጊዜ እዚህ ነበሩ?» አለችው በዝቅተኛ ድምፅ።

አሁን ነበር ጊዜው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ዶክተር፣ የሚሉት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ከኋላው ግን ፋርማሲው፣ በረንዳው፣ የእህቱ ፊት፣ የተቃጠለው መጋረጃ አብረው መጡ።

«አዎ» አለ ቴክ ሱን። «ያኔ ልጅ ነበሩ።»

ከዋሸው ውሸት ሁሉ ይህ የከፋው ነበር፤ እውነት ስለሆነ። ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች፤ ስትጽፍ ብዕሯ ወረቀቱ ላይ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማው። ቱዋኮን ነርሷ ወደ ውጭ ስትወስዳቸው ለሁለቱ አስረዳቻቸው። በዚህ ዕድሜ፣ በተለይ ከውድቀት በኋላ፣ ያለፈውና የአሁኑ ሊደባለቅ ይችላል። ትልቁ ነገር ብቻቸውን አለመተው ነው። ሌት ተቀን ሰው ያለበት ቦታ ቢገኝ ይመረጣል። ፖ ኢም አመሰገነቻት። እሱም አመሰገናት።

ምሳ የበሉት ቱዋኮ ከሠላሳ ዓመት በላይ ደንበኛው ከሆኑለት፣ ኮይ ትያው የሚሉትን የሩዝ ፓስታ ሾርባ ከሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ ነው። ሻጩ ከጋሪው ጀርባ ሆኖ «እጅዎ ምን ሆነ? ማንን መቱበት?» ብሎ ቀለደ፤ ቱዋኮ ግን ጀሶውን በሹራባቸው ሸፈኑት። ፖ ኢም መጠጥ ልታዝ ስትሄድ ቴክ ሱን የዓሣ ድቡልቡሎቹን በማንኪያው ጠርዝ እየቆራረጠ ሰሃናቸው ዳር ደረደረላቸው፤ በአንድ እጅ እንዳይቸገሩ። ይህን በደንብ ያውቅበታል። ጥፍራቸውን መቁረጥ፣ ክኒናቸውን ማስታወስ፣ የሚወዱትን የሬዲዮ ጣቢያ ማግኘት፣ ሁሉንም ያውቅበታል፤ መጥፎ ጠባቂ አልነበረም፤ ከዚያች ከአንዲት የረቡዕ ከሰዓት በኋላ በስተቀር ማለት ይቻል ነበር። ቱዋኮ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ረቡዕ... እቤት አልነበርክም?»

የጠየቁት ለመክሰስ አልነበረም። መነጽሩ የት እንደወደቀ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁት፤ በትሕትና፣ ትንሽም በማፈር። በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ባለ ድምፅ አናግረውት አያውቁም። ቴክ ሱን አፉን ከፈተ። ፖ ኢም ሦስት ብርጭቆ በሁለት እጇ ጨብጣ «ተነሱ ተነሱ፣ ቦታ ስጡኝ፣ አቃጠለኝ!» እያለች ደረሰች። ብርጭቆዎቹን ተቀበላት። ቱዋኮም ማንኪያቸውን አነሱ፤ ጥያቄው ሾርባው ላይ እንደ እንፋሎት ቆየና ጠፋ።

የአረጋውያን መኖሪያው ንጹሕ ነበር፤ ማንም ቢሆን ይህን መካድ አይችልም። ግድግዳው ቀላ ያለ ቢጫ ተቀብቷል፤ ወለሉ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ሰባት አሮጊቶች ተደርድረው የምግብ አሠራር ያያሉ። ኃላፊዋ ቱዋኮን እንደ አያት «አማ!» ብላ በጩኸት ተቀበለቻቸው። «አማ! እንኳን ደህና መጡ! ይሰሙኛል?»

«ጆሮዬ ደህና ነው» አሉ ቱዋኮ።

ለሁለት የሚሆን ክፍል በወር ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሪንጊት፤ ዳይፐር ለብቻው ይታሰባል፤ መስኮቱ በመኪና ማቆሚያው በኩል ነው። ክፍሉን የምትጋራቸው ሴት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፀጉሯ ተበጥሯል፤ ፈገግታዋ ደግ ነው። «በልተዋል?» አለቻቸው፤ የአገሩ ሰላምታ ነው። «በልቻለሁ፤ አንቺስ?» አሉ ቱዋኮ። ሴትየዋ መስኮቱን አየችና እንደገና ዞረች። «በልተዋል?» ቱዋኮ እንደገና መለሱላት። ፖ ኢም ከኃላፊዋ ጋር ስለ ቀብድ እያወራች ሳለ ሴትየዋ ደጋግማ ጠየቀች፣ ቱዋኮም በየጊዜው፣ ምንም ሳይሰለቹ፣ እንደ መጀመሪያው ሆነው መለሱላት። ቴክ ሱን ግን ዓይናቸውን ያይ ነበር። ሴትየዋን የሚያዩዋት እንደ እንግዳ አልነበረም። መስታወት እንደሚያይ ሰው ነበር።

በመልሱ መንገድ ቱዋኮ ከኋላ ተቀምጠው በለሆሳስ መቁጠር ጀመሩ። መጀመሪያ ፖ ኢም ጸሎት መሰላት። ቴክ ሱን ግን ከፊት ወንበር ሆኖ ይሰማቸዋል። በልጅነታቸው በኪምበርሊ ጎዳና ግራና ቀኝ የነበሩትን ጎረቤቶች ስም ነበር የሚጠሩት፤ ጣውላ ሻጩን፣ የወርቅ ሠሪውን መበለት፣ ሁለቱን የዳቦ ጋጋሪ ወንድማማቾች። አንዱ ስም ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ጀመሩ። «ሎሚ» አሉ ደግሞ ድንገት። ከዚያም ጠጋ ብለው «ዛሬ ቅዳሜ ነው አይደል?» አሉት።

«ቅዳሜ ነው ቱዋኮ።»

«አዎ። ቅዳሜ ነው» አሉና ወደ ኋላ ተደገፉ።

እቤት ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ፖ ኢም ጠረጴዛው ላይ የመኖሪያውን ቅጽ ዘረጋች፤ ቀብዱን በስልኳ ልትልክ መነጽሯን አደረገች። ቴክ ሱን ማድ ቤት ገብቶ ውሃ ጣደ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ሌስ ነበር። «ደሴትህን ወሰድኳት! አንድ ወታደር እንኳ አላገኘሁባትም፣ አንተ ሌባ። ሁሉም በሰላም ሲንጋፖር ገቡ አይደል? እንዲህ ያለ ንጹሕ አወጣጥ አይቼ አላውቅም። ክብር ይገባሃል።» ቴክ ሱን አነበበው። ረቡዕ ከሆስፒታል ሲመለስ ልብሱ አሁንም ዝናቡ ላይ ነበር፤ አስገባውና፣ ጨመቀውና፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ተራውን ጨርሶ ላከው። ይህን ለራሱም ቢሆን ደግሞ አስቦት አያውቅም ነበር። ሌላም ያላሰበው ነገር ነበረ፤ ያ ጨዋታ በተራ ነው። ተጫዋቹ ቢነሳ ቆሞ ይጠብቃል። ልብሱን አስገብቶ ቢመለስ፣ ሻይም ጠጥቶ ቢመለስ፣ አንዲት መርከብ እንኳ ካለችበት ንቅንቅ አትልም ነበር።

ሻዩን ይዞ ቱዋኮ ክፍል ገባ። አልጋቸው ላይ ትንሿን የቆርቆሮ ሣጥን ከፍተው ምን እንደሚወስዱ ይመርጣሉ፤ መቀሳቸውን፣ የወንድማቸውን ፎቶ፣ አንድ ጥቅልል የብር ቀለም ክር።

«እህትህን እንዳትቆጣት» አሉት ቀና ሳይሉ። «የመጣችው ለኔ ብላ ነው። ሐኪሟም ጥሩ ሴት ናት። ሳስበው እኔው ነኝ የቀላቀልኩት። አንተ ፋርማሲ ሄደህ ነበር።» መቀሱን አንስተው አዩት፤ መልሰው አስቀመጡት። «ድምፅህን የሰማሁ ያህል ነው የሚሰማኝ። ይገርማል። ልክ የሰማሁ ያህል።»

ቴክ ሱን ሻዩን ወንበር ላይ አስቀመጠ። ወጣ።

«አቺ» አለ። ታላቅ እህቱን ሕፃን ሳለ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራት። «አትላኪው።»

«ምኑን?»

«ገንዘቡን። ረቡዕ እቤት ነበርኩ። ሲጠሩኝ ሰምቻለሁ። ሁለቴ።»

ፖ ኢም መነጽሯን አወለቀች። ያልገባት ነገር ስላለ ሳይሆን የገባት ነገር ቶሎ እንዳይገባት የፈለገች ይመስል ነበር። «መርከቡስ?» አለች። እሱም ወደ መከለያው ጀርባ ሄዶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ካርታው መጣ። ደሴቲቱ ላይ አሁን የሌስ ቀይ ምልክት ተቀምጧል፤ እሱ ግን የረቡዕን ቀን መልሶ አወጣላት፤ ወደቡን፣ ሦስቱን ትንንሽ መርከቦች፣ በላያቸው የተጫነውን ጦር፣ ያን ማታ ከሆስፒታል ተመልሶ ተራውን የላከበትን ኢሜይልም አሳያት። ፖ ኢም ጎንበስ ብላ ጥፍር የሚያህለውን ምልክት በጣቷ ነካችው።

«ይኼ ነው?»

«አዎ።»

«እንግሊዞቹ።»

«አዎ።»

«ዶክተሯ ስትጠይቅህ... "ልጅ ነበሩ" አልክ።»

«ነበሩ።»

«ቴክ ሱን፣ እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ አለቀስኩ እኮ! አጠገብህ!» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ቀጥሎም ከፍ አለ። «ከሆስፒታል መጥተህ ጨረስከው? ጨርሰህ ላክኸው? ምን ዓይነት ሰው ነህ? አርባ ስድስት ዓመትህ ነው፣ አባባ በዚህ ዕድሜው ሁለት ልጅ ቀብሮ... ተወው። ተወው።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ደክሟት፣ «አሁንስ?» አለች። «እሺ፣ አላበዱም። እሰየው። እጃቸው ግን ተሰብሯል። ነገ ከነገ ወዲያ ማነው የሚጠብቃቸው? አንተ?»

«እሸጠዋለሁ» ሊል አሰበ፤ «እደመስሰዋለሁ፣ ሁለተኛ አልነካውም» ሊል አሰበ፤ ሁሉንም ባለፈው ዓመት ብሎታል።

የዱላው ድምፅ ተሰማ። የዚያ ቤት ግድግዳ እንጨት ነው፤ በአንዱ ክፍል የተሳለው በሌላው ክፍል ይሰማል። ቱዋኮ መከለያው ጋ ደርሰው ቆሙ። ማንንም አላዩም፤ ካርታውን አዩ። ወደቡን፣ ሦስቱን መርከቦች ረጋ ብለው አዩ። ፖ ኢም ወንበሯን ልትለቅላቸው ብድግ አለች፤ አልተቀመጡም።

«ስለዚህ ጭንቅላቴ ደህና ነው።»

«ደህና ነው ቱዋኮ» አለች ፖ ኢም እንባዋን እየጠረገች።

«እሱን ነው የጠየቅሁት።»

«ደህና ነው» አለ ቴክ ሱን።

«ጥሩ።» ዱላቸውን ከጀሶው ጋር አስደግፈው ሹራባቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «መውደቄን በማንም አላሳብብም። ለሁለት ሸሚዝ ብዬ እርጥብ ሸክላ ላይ የወጣሁ እኔ ነኝ። ሰው ሥራ ሲይዝ አይሰማም፤ እኔም የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ስንቴ አስለቅሼሃለሁ። ዛሬ ግን ሥራ አልያዝክም። ጠዋት ሐኪሟ ፊት አጠገቤ ነበርክ። ያቺ ሴትዮ በልተዋል ስትለኝ አጠገቤ ነበርክ። ጠየቅሁህ። ዓሣዬን እየቆረጥክልኝ ዝም አልከኝ።»

«ቱዋኮ፣ እኔ...»

«ቆይ፤ አሁን የምናገረው እኔ ነኝ። ፖ ኢም፣ ቀብዱን አትላኪ። እዚያ ቤት አልሄድም። ቀን ቀን የምትመጣ ሴት ፈልጊልኝ፤ ደመወዟን አንቺ ክፈይ፣ አቅሙ እንዳለሽ አውቃለሁ። ማታ ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻዎን እንዴት ይሆናሉ? ቢወድቁስ? ቢጣሩስ?»

«ሰው አለ ብዬ ከምጣራ፣ ማንም እንደሌለ አውቄ እግሬን እያየሁ ብራመድ ይሻለኛል።» ከዚያ ወደ ቴክ ሱን ዞሩ። ድምፃቸው አልከረረም፤ ትምህርት ቤት ሲልኩት ኮሌታውን እያስተካከሉ ያናግሩት በነበረው ድምፅ ነበር። «የኪራዩ ውል በእኔ ስም ነው። እኔ እዚሁ እቆያለሁ፤ አንተ ነገ ትወጣለህ።»